የልጅ ልደት ላይ መዝገብ ምን ይሠራል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ። በእነዚህ የአዲስ አበባ ዳር ኮንዶሚኒየሞች ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ አንዱ ብሎክ ላይ የልጅ ልደት አይጠፋም። ደረጃው ላይ ፊኛ ይታሰራል፤ ስፒከር ይከፈታል፤ ጎረቤት ይጠራል። የተጠራውም ሰው «ምን ይዤ ልሂድ?» እያለ ያድራል።

ለብዙዎቻችን ቀላሉ መልስ ብር ነው። እዚህ ዳር አካባቢ ጥሩ የልጅ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ እንደ ልብ አይገኝም። መርካቶ ወርዶ ለመግዛት የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ አሻንጉሊት ዋጋው አይቀመስም።

«ልጅን ገና በጠዋቱ ብር ማስለመድ ነውር ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ለልጅ ብር መስጠት እኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በቡሄ ሆያ ሆዬ ብለው ለጨፈሩ ልጆች ድሮ ሙልሙል ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ብር ይሰጣል። መስከረም 1 ቀን ጠዋት አበባ ስሎ በር ያንኳኳን ልጅ ባዶ እጁን መመለስ ይከብዳል። አራስ ሊጠይቅ የሄደ ሰውም ሕፃኑ አጠገብ ብር ሸጎጥ አድርጎ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን «ስንት ሰጠህ?» የሚል ሰው የለም። ሰጪው ያለውን ይሰጣል፣ ልጁን ይመርቃል፣ አለቀ።

አሁን እያየሁት ያለሁት ግን ሌላ ነው። በቅርቡ በተጠራሁበት የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ልደት ላይ በር አጠገብ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ መስመር የተሰመረበት ደብተር አለ፤ በአንድ በኩል ስም፣ በሌላው በኩል የብር መጠን። ከፊቴ የነበሩት እማማ 50 ብር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የመጡት። ቋጠሮውን ፈተው «የኔ እናት፣ እደጊ ተመንደጊ» ብለው በልጅቷ እጅ ሊያስይዟት ሲሉ፣ ደብተር የያዘችው ወጣት «እማማ፣ ስምዎትን ልመዝግብ» አለቻቸው። ምርቃቱ እዚያው ተቋረጠ። ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ስም አያስፈልገውም» ብለው ገቡ። ልጅቷ ምን እንደተሰጣት እንኳ አላወቀችም።

የጥሪ መልእክት ሥር የቴሌብር ቁጥር መጻፍም እየተለመደ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ጀምሮ ብዙ ነገር አቅሎልናል። ሩቅ ያለች አክስት ለእህቷ ልጅ ብትልክበት ደስ ይላል። ጠሪው ራሱ ቁጥሩን ሲያስቀምጥ ግን ጥሪው ክፍያ መጠየቂያ ይሆናል።

በሠርግና በለቅሶ ብር ይመዘገባል። ያ ምክንያት አለው። ከባድ ወጪ የወደቀበትን ሰው እንደግፋለን፤ ነገ እኛ ላይ ሲደርስ ይመልስልናል። ብድር በምድር ነው። የልጅ ልደት ግን ማንም ላይ የወደቀ ሸክም አይደለም። ደብተሩ ውስጥ «500» ተብሎ የተጻፈለት ጎረቤት በራሱ ልጅ ልደት ከዚያ ያነሰ አይጠብቅም። 100 የሰጠው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንገቱን ይደፋል።

በዚህ ሁሉ የሚጎዱት ልጆች ናቸው። አንድ ብሎክ ላይ ባለ መኪናም፣ የቀን ሠራተኛም፣ ተከራይም አብሮ ይኖራል። ልጆቹ ግን አብረው ነው ግቢ ውስጥ የሚጫወቱት። ወር መጨረሻ ላይ ሲጠራ እጁ ያጠረው ወላጅ ይሉኝታ ይይዘውና ልጁን ቤት ያስቀራል። «ለምን አልመጣችም?» ሲባል «አሟታል» ይላል። ልጅቷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚዘፈነውን በመስኮት ትሰማለች። ጓደኞቿ እዚያ እንዳሉ ታውቃለች። ለምን እንዳልሄደች ግን የሚነግራት የለም። አንድ ልጅ እንኳ እንዲህ የሚቀር ከሆነ፣ ያ ደብተር ጭራሽ መከፈት የለበትም።

ስለዚህ ብር ስጡ፤ ግን ሳትጎዱ፣ ለቤታችሁ አስቤዛ የያዛችሁትን ሳትነኩ። በፖስታ አድርጋችሁ ለእናት ወይም ለአባት በጸጥታ አቀብሉ። ትንሽ ልጅ ብር ይጥላል፣ ይቀድዳል፣ አፉ ውስጥም ይከታል። ለራሱ ለልጁ ደግሞ የሚይዘው ነገር ስጡት፤ ከለር፣ የተረት መጽሐፍ፣ ኳስ ይበቃዋል። ዓይኑን እያያችሁ መርቁት።

ወላጆችም «ላስቀምጥልሽ» ብለን የወሰድነውን በእውነት እናስቀምጥ። ባንኮች በወላጅ በኩል በልጅ ስም የሚከፈት የቁጠባ ሂሳብ አላቸው። የልደት ብር እዚያ ቢገባና ልጅቷ ፊደል ስትቆጥር የባንክ ደብተሯን ብናሳያት እንዴት ደስ ይላታል!

«ታዲያ የኬኩን፣ የዲኮሩን፣ የፎቶውን ወጪ ማን ይሸፍን?» የሚሉኝ አሉ። ዲኮሩ ይቅር። ድፎ ዳቦ ይደፋ፣ ፈንዲሻ ይፈንዳ፣ የብሎኩ ልጆች ሁሉ ይጠሩ። ጥሪው ላይም «ልጆቹን ብቻ ይዛችሁ ኑ» ተብሎ ይጻፍ።