አስፋልቱን ማሽን ይለካው፣ ሹፌሩም ይጠየቅ

አዲስ መንገድ ሲመረቅ ዜናው ላይ የምንሰማው ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የፈጀውን ብር ነው፣ ሪባን ይቆረጣል ይጨበጨባል በቃ። ምን ያህል ያንገጫግጫል ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እኔ አላየሁም፣ መልሱ ግን በቁጥር አለ እኮ።

ኢንጂነሮቹ አይአርአይ ይሉታል፣ የመንገድ ሸካራነት መለኪያ ነው። መነሻው በ1982 እ.ኤ.አ. ብራዚሊያ ላይ የተደረገ ሙከራ ሲሆን የዓለም ባንክ በ1986 አሳተመው። አሰራሩ ቀላል ነው፣ መኪና ላይ የተገጠመ ሌዘር የአስፋልቱን ከፍና ዝቅ ያነባል፣ ከዛ ኮምፒውተሩ አንድ የሃሳብ ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳበት አሞርዛተሩ ላይና ታች ያለውን ይደምርና በኪሎ ሜትር ስንት ሜትር እንደሆነ ይነግርሃል። 0 ከሆነ ፍጹም ልሙጥ ነው። አሜሪካኖቹ ለዋና መንገዶቻቸው ከ1.5 በታች ጥሩ፣ ከ2.7 በላይ መጥፎ ይላሉ።

ችግሩ አዲስ አበባ ውስጥ በ80 የሚነዳ ማነው? (ሌሊት ካልሆነ።) ደግሞ ቁጥሩ አማካይ ነው፣ ኪሎ ሜትሩ ሙሉ ልሙጥ ሆኖ መሃሉ ላይ አንድ የሰመጠ ማንሆል ቢኖር ውጤቱ ብዙም አይነካም፣ ሹፌሩ ግን የሚያስታውሰው እሱን ማንሆል ብቻ ነው፣ ፍሬን የሚይዘው እዛ ጋ ነው፣ መሪ ጠምዝዞ የሌላ ሰው መስመር ውስጥ የሚገባውም እዛ ጋ ነው። ሰው ጢም አድርጎ የጫነ አሮጌ ሚኒባስ ደግሞ እንደዛ የሃሳብ መኪና አይነጥርም።

የሚገርመው ከአይአርአይ በፊት መንገድ በሰው ስሜትም ይለካ ነበር። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ የምትባል ከተማ አጠገብ ለተደረገው ትልቁ የመንገድ ሙከራ ሰዎች መኪና ውስጥ ተቀምጠው እየተነዱ ለመንገዱ ከ0 እስከ 5 ማርክ ይሰጡ ነበር፣ ባለሙያዎቹ ከዛ በኋላ ነው የትኛው ልኬት ከሰዎቹ ማርክ ጋር እንደሚገጥም የፈለጉት።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ርክክብ ላይ የተለካው ቁጥር ኮንትራክተሩና አማካሪው ስማቸው የተጻፈበት ታፔላ ላይ ይጻፍ፣ የጉድለት ማረሚያ ጊዜው ሳያልቅ ክረምት ካለፈ በኋላም ድጋሚ ይለካ። ከተማ ውስጥ ደግሞ የመስመሩ የታክሲ ሹፌሮች ከ0 እስከ 5 ይስጡ። ያጋንናሉ ትሉ ይሆናል፣ ያጋንኑ፣ ለኦታዋው ሙከራም ሁሉም አንድ አይነት ማርክ አልሰጠም፣ አማካዩን ነው የወሰዱት።