ከራሱ ከአሊ ጋር የተጋጠመው ፊልም

የቦክሰኛውን የመሐመድ አሊን ሕይወት ፊልም ማድረግ ቀላል ይመስላል። ታሪኩ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል። የኦሊምፒክ ወርቅ አለ፣ የዓለም ሻምፒዮንነት አለ፣ ሃይማኖትና ስም መቀየር አለ። ጦርነት አልሄድም ብሎ ከመንግሥት ጋር መፋጠጥ፣ ዘውድ መነጠቅ፣ ከዓመታት በኋላ ዘውዱን ማስመለስ፣ ሁሉም አለ። ይህን ታሪክ አንድ ደራሲ ከራሱ ቢፈጥረው «አሁንስ አበዛኸው» ይባል ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። ሰውዬው ወጣትነቱን የጨረሰው ካሜራ ፊት ነው። ሲቀልድ፣ ሲፎክር፣ ሲመታ፣ ሲደበደብም ጭምር ዓለም አይቶታል። ስለዚህ አሊን የሚተውን ሰው ተጋጣሚው አሊ በሪንግ የገጠማቸው ሊስተን ወይም ፎርማን አይደሉም። ራሱ አሊ ነው።

ዳይሬክተሩ ማይክል ማን እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራውን «አሊ» ሰሞኑን እንደገና አየሁት። ከ1964 እስከ 1974 ያሉትን አሥር ዓመታት ይዞ የሚጓዝ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ፊልም ነው። መሪ ተዋናዩ ዊል ስሚዝ ነው። ስሚዝም፣ ጋዜጠኛውን ሃዋርድ ኮሴልን ሆኖ የተጫወተው ጆን ቮይትም ለኦስካር ታጭተውበታል። ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በሲኒማ ቤት ግን ወጪውን አልመለሰም። አሁን ሳየው ገና ሲወጣ ካየሁት ይልቅ ወደድኩት። በዚያው ልክ ደግሞ አናደደኝ።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። የመክፈቻው አሥር ደቂቃ ገደማ ብቻውን አንድ ፊልም ነው። ሳም ኩክ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ይዘፍናል። በዚያው ሌሊት አንድ ወጣት ኮፍያውን አጥልቆ ጭር ባለ ጎዳና ላይ ይሮጣል። የፖሊስ መኪና ጠጋ ብላ ከምን እየሸሸ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ልጁ ሩጫውን ይቀጥላል። ከዚያ ትንሿ የመለማመጃ ኳስ ትመጣለች፣ ታ ታ ታ እያለች። የሚመታት ልጅ ዓይን ግን እሷ ላይ የለም። ሌላ ቦታ ሄዷል። ወዲያው ሕፃን ሆኖ እናየዋለን፤ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ኋላ፣ ወደ ጥቁሮች ወንበር ሲያልፍ። መንገድ ላይ ጋዜጣ ያያል። ጋዜጣው ላይ በ14 ዓመቱ ሚሲሲፒ ውስጥ በነጮች የተገደለው የኤመት ቲል ፊት አለ። አባቱ ደግሞ ሠዓሊ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፀጉረ ወርቃማ ክርስቶስን ይስላል። ልጁ ቆሞ ያያል።

ይህን ሁሉ አንድም ሰው አያብራራልንም። ተራኪ የለም፣ «በዚያ ዘመን ጥቁሮች እንዲህ ነበሩ» የሚል ንግግር የለም። እኛ ግን ይህ ልጅ በኋላ ለምን ስሙን እንደሚቀይር፣ ለምን እሺ እንደማይል ገብቶናል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁሉ ካሜራ ያልነበረባቸው ጊዜያት ናቸው። ፊልሙ የሚያምረው እዚህ ነው።

ቡጢውም ያምራል። አብዛኛው የቦክስ ፊልም ላይ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ አገጭ ለአገጭ ይጠዛጠዛሉ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ፊቱን የሚከላከል የለም። እውነተኛ ቦክስ እንዲህ ቢሆን ሁለተኛ ዙር የሚደርስ አይኖርም። ማይክል ማን ተቃራኒውን መረጠ። ሊስተንን፣ ፍሬዘርን፣ ፎርማንን ሆነው የቀረቡት እውነተኛ ቦክሰኞች ናቸው። ከእነሱ መካከል ማይክል ቤንት እና ጄምስ ቶኒ የዓለም ቀበቶ ያጠለቁ ሰዎች ናቸው። ስሚዝም አንድ ዓመት ገደማ ሰልጥኗል። በ1964ቱ የማያሚ ግጥሚያ ላይ ሊስተን ያንን የግራ እጁን ሲወረውር ካሜራው ሁለቱ ሰዎች መሃል ገብቶ ነው የሚያየው። እግር ይታያል። ርቀት ይታያል። አሊ፣ ያኔ ገና ካሲየስ ክሌይ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርግ ቡጢው በጣት ስፋት ሲያልፈው ይታያል። ዓይኑ ውስጥ የሚያቃጥል ነገር ገብቶ «አይታየኝም» ሲል፣ አሰልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ ገፍቶ ወደ ሪንግ ይመልሰዋል። ያ ዙር በእውነትም የሆነ ነው። የ22 ዓመት ልጅ በጭፍን እየሮጠ ያን ዙር አለፈ፤ ለሰባተኛው ዙር ሊስተን ከወንበሩ አልተነሳም።

እንግዲህ ፊልሙ ካሜራ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ነው የሚደክመው። ጋዜጣዊ መግለጫዎቹን ተመልከቱ። ስሚዝ ቃሉን ይዞታል፣ ድምፁን ይዞታል፣ ሰውነቱም አሊን መስሏል። ግን ግጥሙን በቃሉ ያጠና ጎበዝ ተማሪ ነው የሚመስለው። ሁሉም ልክ ነው፣ ነገር ግን የሆነ ነገር ይጎድላል። ምን እንደጎደለ ማወቅ የፈለገ አሊ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ከፎርማን ጋር ስላደረገው ግጥሚያ በ1996 የወጣውንና ኦስካር ያገኘውን «ነገሥታት በነበርን ጊዜ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ይይ። እዚያ ያለው እውነተኛው አሊ ሲቀልድ መጀመሪያ የሚያስቀው ራሱን ነው። ቀልዱ አፉ ውስጥ እያለ ዓይኑ ይስቃል። ይህን የትኛውም አሰልጣኝ አያስተምርም። ከኮሴል ጋር ያሉት ትዕይንቶች ብቻ ይተርፋሉ። እዚያ ስሚዝ አሊን ትቶ ፊቱ ካለው ከቮይት ጋር ስለሚጫወት ይመስለኛል።

ዳይሬክተሩ ስኮርሴዚ በ1980 ስለ ቦክሰኛው ጄክ ላሞታ ፊልም ሲሠራ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ሮበርት ዴ ኒሮ 27 ኪሎ ገደማ ጨምሮ ሲተውን፣ አብዛኛው ተመልካች ላሞታ እንዴት እንደሚያወራ አያውቅም ነበር። የሚያነጻጽረው ስለሌለው የቀረበለትን አመነ። ስኮርሴዚ ደግሞ ሰውዬው ክፉ ሆኖ እንዲታይ አልፈራም።

ማይክል ማን ግን ፈራ። ዋናው ቅሬታዬ ይሄ ነው።

ሌሎቹ ድክመቶች ቀላል ናቸው። ሰው ይበዛል። አሊ የገባበት የጥቁር ሙስሊሞች ቡድን መሪ ኤላይጃ መሐመድ፣ ልጁ ኸርበርት፣ የስለላ ሰዎች፣ የግጥሚያ አዘጋጁ ዶን ኪንግ፣ የዛየሩ ገዢ ሞቡቱ፣ ሁሉም ሳይተዋወቁን ገብተው ይወጣሉ። ታሪኩን ቀድሞ የማያውቅ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይጠፋበታል። ሚስቶቹም መጥተው ሄደው አንዷንም በቅጡ ሳናውቃት ያልቃል። በ1967 ሂውስተን ውስጥ ለውትድርና ስሙ ተጠርቶ አንድ እርምጃ ወደፊት አልራመድም ያለበት ትዕይንት ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ከቦክስ የታገደባቸው ሦስት ዓመት ተኩል ግን የሚገባቸውን ያህል ጊዜ አላገኙም። ከ25 እስከ 28 ዓመቱ ማለት ነው። ለአንድ ቦክሰኛ ወርቅ የሆነ ዕድሜ። አምስት ዓመት እስር ተፈርዶበት በይግባኝ ውጭ ያለ፣ ገንዘቡ እያለቀ የሄደ ሻምፒዮን ጠዋት ሲነሳ ምን ያደርጋል? ካሜራ ያልነበረው እዚያ ነበር እኮ!

ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። አሊ ከኤላይጃ መሐመድ ቡድን የወጣውን ወዳጁን፣ የጥቁሮች መብት ታጋዩን ማልኮም ኤክስን፣ አክራ ላይ ሲያገኘው ፊት ነሥቶታል። ፊልሙ ይህን አልደበቀም። የማልኮምን ሞት መኪና ውስጥ ሲሰማ እንባው ይመጣል፤ እኛም ወዲያው ይቅር እንለዋለን። ለምን ካደው? ፈርቶ? አምኖበት? ፊልሙ እንባውን ሰጥቶን ጥያቄውን ያልፈዋል።

ኪንሻሳ ላይ ደግሞ ፊልሙ እንደገና ይነሣል። አሊ ጠዋት ይሮጣል፣ ሕፃናት ይከተሉታል፣ ይበዛሉ። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተሳለ የራሱን ምስል ያያል። ይቆማል። ንግግር የለም። እነዚህ ሰዎች ከእሱ ምን እንደሚጠብቁ ሲገባው ፊቱ ላይ ኩራትም ፍርሃትም አየሁ። ስሚዝ በፊልሙ ሁሉ የሠራው ትልቁ ትወና ይህ ነው፤ አንዲት ቃል የለበትም። ቀጥሎ 40 ግጥሚያ ሁሉንም ያሸነፈው፣ 37ቱን በዝረራ የጨረሰው ፎርማን ይመጣል። አሊ ገመዱን ተደግፎ ያስደበድባል፣ ያደክመዋል፣ በስምንተኛው ዙር ይዘርረዋል። ሕዝቡ ይጮኻል። ፊልሙ ያልቃል።

እዚህ ላይ ማብቃት ብልጠት ነው። አሊ የትም ቦታ ከዚህ በላይ አላማረም። ግን ቀደም ብሎ አንድ ትዕይንት ነበር። በእገዳው ዘመን አሊና ጆ ፍሬዘር መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ፍሬዘር ገንዘብ ያስፈልግህ እንደሆነ ይለዋል፣ እንደ ወንድም። ፍሬዘር በእውነተኛውም ሕይወት አሊ ወደ ሪንግ እንዲመለስ ተሟግቶለታል። አሊ ሲመለስ «የነጮች አሽከር» እያለ ሰደበው። ከኪንሻሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ ለማኒላው ግጥሚያ፣ ከኪሱ ትንሽ የላስቲክ ጎሪላ አውጥቶ ጋዜጠኞች ፊት እየደበደበ «ይሄ ፍሬዘር ነው» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ፍሬዘር ያንን ቂም ለብዙ ዓመታት ተሸክሞት ኖረ። ማይክል ማን ይህን እንዳናይ ካሜራውን አንድ ዓመት ቀድሞ አጠፋው። መኪና ውስጥ ያለውን የፍሬዘርን ፊት ግን ሳይቆርጥ ትቶልናል።