ተራራው ለሁለቱም ይበቃል፣ ካርታውን አብረው ካወጡት

ኮሎራዶ ውስጥ በረዶ በጣለ ቁጥር አንድ የቆየ ጠብ አብሮ ይነሳል። በአንድ ወገን ስኖውሞቢል፣ ማለትም የበረዶ ሞተር የሚነዱ ሰዎች አሉ። በሌላው ወገን ስኪያቸውን፣ ማለትም የበረዶ መንሸራተቻቸውን፣ አጥልቀው በራሳቸው ጉልበት ተራራ የሚወጡ። ሁለቱም የሚፈልጉት ሪዞርትና ሊፍት የሌለበትን፣ ማንም ያልነካውን ክፍት ተራራ ነው። ዓይንና ናጫ ያደረጋቸውም ይኸው ነው።

የምኖረው ዴንቨር ነው፤ ልቤም ወደ ስኪው ያደላል። ግን በዚህ ጉዳይ እውነቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

መጀመሪያ የባለስኪውን ቅሬታ እንስማ። ሰውዬው ሌሊት ተነስቶ ይነዳል። ስኪው ስር ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ጨርቅ ይለጥፍና ሁለት ሦስት ሰዓት ሽቅብ ይወጣል። ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ቁልቁለት ነው። ሞተሩ ያንኑ ተራራ በደቂቃዎች ጨርሶት ይወጣል። ባለስኪው ጫፍ ላይ ሲደርስ በረዶው ታርሶ ይጠብቀዋል። ጩኸቱና የነዳጁ ሽታ ሲጨመርበት ደግሞ ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። ከላይ የሚነዳ ሞተር የበረዶ ናዳ ለቆበት ከታች ያለውን ሰው ሊቀብር እንደሚችልም መርሳት አይገባም።

የባለሞተሩም ቅሬታ ተራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዱር ምድር ጥበቃ ሕግ ሰፋፊ ተራሮችን ለሞተር ዘግቷል። ከዴንቨር በስተምዕራብ ባለው የተራራ ማለፊያ፣ በቬይል ፓስ ዙሪያ ብቻ ኢግልስ ኔስትና ሆሊ ክሮስ የተባሉት ሁለት ትልልቅ ቦታዎች ለሞተር ዝግ ናቸው። ባለስኪው ግን እዚያም መግባት ይችላል። በዚያ ላይ በኮሎራዶ የስኖውሞቢል ባለቤቶች ለምዝገባ የሚከፍሉት ገንዘብ የበረዶውን መንገድ ለሚደለድሉት ማሽኖች ይውላል። በዚያ መንገድ ብዙ ባለስኪዎች ምንም ሳይከፍሉ ይሄዱበታል። «የምንከፍለው እኛ፣ የሚዘጋብንም እኛ» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ሕጉ ይህን ነገር ሲያንከባልለው ኖሯል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከመንገድ ውጭ ለሚነዱ ተሽከርካሪዎች ቦታ እንዲለዩና ከሌላው ተጠቃሚ ጋር የሚነሳውን ግጭት እንዲቀንሱ አዝዘው ነበር። ብሔራዊ ደኖችን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የደን አገልግሎቱ፣ በ2005 ደንብ ሲያወጣ ግን ስኖውሞቢልን ግዴታው ውስጥ አላስገባውም። የባለስኪዎች ማኅበር የሆነው ዊንተር ዋይልድላንድስ አሊያንስ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2013 አይዳሆ ላይ ረታ። በ2015 አዲስ ደንብ ወጣ፦ ስኖውሞቢል የሚነዳው በካርታ ላይ በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ነው። ካርታውን የሚያወጣው እያንዳንዱ ብሔራዊ ደን ነው። አንዳንዶቹ ጨርሰዋል፤ ብዙዎቹ ገና ናቸው።

እንግዲህ የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ካርታ መውጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ማን ያወጣዋል ነው። ጠበቆች ካወጡት አንዱ አሸንፎ ሌላው አኩርፎ ይሄዳል፤ ያኮረፈ ሰው ደግሞ መስመር አያከብርም። ጠባቂም በየሸለቆው ማቆም አይቻልም። ተራራውን የሚያውቁት ሁለቱ ወገኖች አብረው ካወጡት ግን መስመሩን የሚጠብቁት ራሳቸው ይሆናሉ።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም፤ ቬይል ፓስ ላይ ተሠርቶበታል። ቦታው በአይ ሰባ አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የኋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን አካል ሲሆን ስፋቱ ወደ 55,000 ኤከር ይጠጋል። ቅዳሜ ጠዋት የመኪና ማቆሚያውን ያየ ሰው ጠቡ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። አንዱ ከተጎታቹ ላይ ሞተሩን ያወርዳል፣ ያስነሳል፣ ጭሱ ይንቦለቦላል። ሁለት እርምጃ አልፎ ሌላው ተንበርክኮ የስኪ ጫማውን ያስራል።

በ1990ዎቹ ሁለቱም ወገኖች፣ የተራራ ጎጆዎቹን የሚያስተዳድሩትና የደን አገልግሎቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። መሬቱን ከፋፈሉት። አንዳንዱ ለሞተር ክፍት፣ አንዳንዱ ለሞተር ዝግ ሆነ። እኔን የሚያስደስተኝ ሦስተኛው ዓይነት ነው። እዚያ ሞተሩ በተወሰነለት መንገድ ሰውን ወደ ላይ ያደርሳል፤ ቁልቁለቱ ግን ለስኪ ብቻ ነው። ክፍያውንም ባለሞተሩም ባለስኪውም ይከፍላል፤ ገንዘቡ ለጠባቂውና ለመንገድ ጥገናው ይውላል። ዛሬም እዚያ ጭቅጭቅ ጠፍቷል አልልም። ሰዉ በዝቷል፣ ማቆሚያው ጠብቧል። ግን ጭቅጭቁን ይዘው የሚሄዱበት ቦታ አላቸው።

ወገኖቼ ባለስኪዎች ቅር ሊላቸው ቢችልም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ድምፅ ስለሌለን ተራራውን አንጎዳም ብለን እናስባለን። በአይዳሆና በአካባቢው ተራሮች ዎልቨሪን የተባለውን አውሬ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ለባለሞተሩም ለባለስኪውም የጂፒኤስ መሣሪያ አስይዘው የሄዱበትን መዝግበው ነበር። ጥናቱ በ2019 ሲወጣ አውሬው ከሁለቱም እንደሚሸሽ አሳየ። ስለዚህ «ንጹሑ እኔ፣ ጥፋተኛው እሱ» የሚለው ወሬ ይቅር።

የሚያገናኛቸው ነገር ደግሞ ደረታቸው ላይ ታስሯል። የበረዶ ናዳ የሚያሰጋቸው ሰዎች የሚይዙት ምልክት ማስተላለፊያ በዓለም ዙሪያ የሚሠራው በአንድ ሞገድ፣ በ457 ኪሎኸርዝ ነው። የባለሞተሩ መሣሪያ የተቀበረውን ባለስኪ ያገኘዋል፣ የባለስኪውም እንዲሁ። ናዳ የዋጠው ሰው 15 ደቂቃ ካለፈ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የሚደርስለት አጠገቡ ያለው ሰው ነው፤ ማንም ይሁን ማን። ነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞችም ብዙ ጊዜ ወደ ተራራው የሚወጡት በስኖውሞቢል ነው።

ስለዚህ ባለስኪዎች መክፈል እንጀምር፤ ቬይል ፓስ ላይ ብቻ ሳይሆን የተደለደለ መንገድና ማቆሚያ በምንጠቀምበት ሁሉ። ባለሞተሮች ደግሞ ለስኪ የተተወ ቁልቁለት ላይ የሚወጣውን ጓደኛቸውን ራሳቸው ያስቁሙት፤ ከባለስኪ ይልቅ እነሱን ይሰማል።

በዴንቨርና በአውሮራ የምንኖር ሐበሾችም ብንሆን ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው ብለን ባናልፈው እመርጣለሁ። ብሔራዊ ደኑ የሕዝብ መሬት ነው፤ በግብራችን ነው የሚተዳደረው፤ ልጆቻችንም ስኪ እየለመዱ ነው። የደን አገልግሎቱ የክረምት ካርታ ሲያዘጋጅ የማንንም አስተያየት ይቀበላል። የሚጠቅመው ደብዳቤ «ሞተር ይከልከል» ወይም «ይፈቀድ» የሚለው አይደለም። የትኛው ሸለቆ፣ በየትኛው ወር፣ መኪናው የት ቆሞ፣ መንገዱ የት ቢለያይ ይሻላል የሚለው ነው። አንድ ባለሞተርና አንድ ባለስኪ ያንን ደብዳቤ አብረው ቢፈርሙበት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በቀላሉ አያልፈውም።