ተለዋጭ ቀጠሮ

ጠበቆችን ለስብሰባ ጠርቶ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ አብረን እናልቅስ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የጥብቅና ድርጅት የአስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። ዓምና «የአካታችነትና የሥራ ባህል አስተባባሪ» የሚል ማዕረግ ተደረበልኝ። ደመወዝ አልተደረበም።

ዛሬ ጠዋት ስልጠና ነበረኝ። ከ14 ሠራተኛ ሦስት መጣ። አንዷ ጸሐፊያችን ናት፣ አንዱ ጥበቃው፤ እሱም ከብርዱ ሸሽቶ ነው። የቀሩት «ችሎት አለብኝ» አሉ። ጠበቃ ችሎት አለብኝ ካለ ምን ይባላል? ስልጠናው ለአራተኛ ጊዜ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጠው። ቀጠሮ በዛብን ብለው ፍርድ ቤቱን የሚያማርሩት እነዚሁ ናቸው እኮ!

ለድግስ ሲሆን ግን ማንም ችሎት የለበትም። ለየካቲት 29 የሴቶች ቀን አበባ ተገዛ፣ ኬክ ታዘዘ። ሁዳዴም ረመዳንም በገቡበት ሰሞን፣ የክሬም ኬክ! ኧረ አንድ ሰው ጠይቁ። ማንም ሳይነካው ዋለ። ጠረጴዛውን ማን አነሳ? አበባ የተሰጠን ሴቶች።

ተላላኪያችን ሚስቱ ወለደችና ፈቃድ ጠየቀ። አዋጅ 1156/2011 ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። መልሱ ምን ሆነ? «አራሱ አንተ ነህ እንዴ?» ይህን ያለው ሰው በሠራተኛ ክርክር ነው እንጀራውን የሚበላው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ደረጃው ነው። ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። አንዱ ወጣት ጠበቃችን በክራንች ነው የሚሄደው። ቆጥሬዋለሁ፣ 46 ደረጃ። በታኅሣሥ ውርጭ የብረቱ መደገፊያ እጅ ይልጣል። አንድ ጠዋት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ መዳፉን በእስትንፋሱ ሲያሞቅ አገኘሁት። «ፋይሉን ብቻ ያዥልኝ፣ እኔን ተይኝ» አለኝ።

ግራውንድ ላይ ክፍል አለን። የተዘጉ መዝገቦችና የአለቃችን አሮጌ ሶፋ ተከምረውበታል። ይለቀቅለት ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። አለቃችን ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ እሱ እኮ ጎበዝ ነው፣ ከኔ ቀድሞ ይደርሳል።» አዋጅ 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል። እሳቸው ደግሞ አዋጅን ከነአንቀጹ በቃላቸው የሚወርዱ ሰው ናቸው። ለደንበኛ ሲሆን።

ዛሬ ለስልጠናዬ የመጣው ሦስተኛው ሰው ማን መሰላችሁ? እሱ ነው። 46ቱን ወጥቶ ወንበር ይዞ ጠበቀኝ። ተሰርዟል ስለው ሳቀ።

«ለቀጣዩ ቀጠሮ ሶፋው ላይ አድርጊው» አለና ፋይሉን አቀብሎኝ መውረድ ጀመረ።