100 ሚሊ ሊትር ይሉኝታ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው አሜሪካ ሊሄድ መሆኑ የሚታወቀው በቪዛው አይደለም፤ በሚዛን ነው። ከብሎኩ ሥር ካለው ሽንኩርት ቤት ማንጠልጠያ ሚዛን ተውሶ ደረጃ የሚወጣ ልጅ ከታየ አለቀ። እስኪመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በማግስቱ ጎረቤት "እንኳን ደስ ያላችሁ" ሊል ይመጣል። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ደግ ሕዝብ ነን። ችግሩ የያዝነው ነገር ለተጓዧ አለመሆኑ ነው።

"ይቺን ብቻ ለእህቴ ልጅ ታደርሺልኛለሽ፣ የኔ ቆንጆ።"

ይቺ የተባለችው ሦስት ኪሎ በርበሬ ናት። አለዚያም ሁለት ኪሎ ሽሮና አንድ ጆግ የተነጠረ ቅቤ። የእህታቸው ልጅ የሚኖረው ደግሞ ተጓዧ ከምትወርድበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ቢነገራቸውም አይገባቸውም። "እዛው አሜሪካ አይደለም እንዴ?" ይላሉ። በእኛ ሰፈር ግምት አሜሪካ ከአቃቂ ቃሊቲ ትንሽ ሰፋ ያለች ክፍለ ከተማ ናት።

ታዲያ እምቢ ትበል? አትችልም። እምቢ ካለች ስሟ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ይደርሳል። "ገና ሳትሄድ ተለወጠች!" ትባላለች። እናቷም እድር ላይ ፊት ይነሳቸዋል። ስለዚህ "ምን ችግር አለው፣ ይምጣ" ትላለች። ማታ በሯን ዘግታ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። "ይከብደኛል" ማለት አፍረን የተሸከምነው ነገር ቢመዘን፣ የሽንኩርት ቤቱ ሚዛን አይችለውም።

ይህን ጭንቃችንን ሳያውቅ ያቃለለልን የእንግሊዝ ፖሊስ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2006 መሆኑ ነው፣ ከለንደን ወደ አሜሪካና ካናዳ የሚበሩ አውሮፕላኖችን በለስላሳ ጠርሙስ በተደበቀ ፈሳሽ ፈንጂ ሊያጋዩ ያሴሩ ሰዎች ተያዙ። ወዲያው እዚያ ፈሳሽ የሚባል ነገር በእጅ ይዞ መሳፈር ተከለከለ። እናቶች የልጃቸውን የጡጦ ወተት ፈታሽ ፊት ይቀምሱ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ነገሩ ረገብ ሲል ዛሬ የምናውቀው ሕግ መጣ። በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ይሁን። ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ሊትር በምትይዝ፣ አፏ በሚዘጋ፣ ውስጧ በሚታይ ላስቲክ ይግባ። ቀስ በቀስ ዓለም ሁሉ ተቀበለው።

100 ሚሊ ሊትር ማለት ከቡና ሲኒ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። በጆግ ለሚያስብ ሰፈር ይህ ስድብ ነው። ደግሞ የሚታየው የዕቃው መጠን እንጂ ውስጡ ያለው አይደለም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ውስጥ አንድ ጉንጭ ብቻ ቢቀር እንኳ አያልፍም።

ለተጓዥ ግን ሕጉ መልአክ ሆኖ ወረደ። እምቢ የሚልላት ተገኘ! "እኔማ ደስ ባለኝ፣ እትዬ፤ ኤርፖርት ከልክሎ ነው እንጂ።" ይህቺ ንግግር የስንቱን ወገብ አተረፈች። ማንም አልተቀየመም። እርግማኑ በሙሉ ወደ ፈታሹ ዞረ። ፈታሹ ደግሞ የእኛ እድር አባል አይደለም።

ይሁን እንጂ ሰፈራችን በቀላሉ የሚረታ አይደለም። ቡና ላይ ሕጉ ይተነተናል። ዳኛው ድሮ ጅዳ ሠርተው የተመለሱ ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያው ክርክር ማር ነበር።

"ማር ይበላል እንጂ ይጠጣል እንዴ?" አሉ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ።

"ሲዘነብል ከፈሰሰ ፈሳሽ ነው" አሉ ጋሼ።

"የእኔ አይፈስም። ነጭ የትግራይ ማር ነው። በማንኪያ ነው የሚፈነቀለው።"

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። አሳዘኗቸው መሰለኝ። ግን ሕጉ የሚፈሰውን ብቻ ሳይሆን የሚቀባውንም የሚጨመቀውንም ይይዛል። የጥርስ ሳሙና እንኳ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። የጥርስ ሳሙና ካላመለጠ አዋዜ በምን ዕድሉ ያመልጣል?

ቅቤ ላይ ክርክሩ ረዘመ። ጠዋት በቱሉ ዲምቱ ብርድ ቅቤ ቢላ ይመልሳል። ቀትር ላይ ያንኑ ቅቤ ብታዩት ወጥ ለመሆን ተዘጋጅቷል። ሕጉ ግን ሰዓት አይጠይቅም፤ ጠዋትም ቀትርም ፈሳሽ ነው። ለነገሩ አንዲት እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ አናታቸውን ለጋ ቅቤ ተቀብተው፣ በሻሽ ጠፍረው፣ በማሽኑ አልፈዋል። አናታቸው ላይ ስንት ሚሊ ሊትር እንዳለ የጠየቃቸው የለም። ከላስቲኳ በላይ እንደነበር እኔ እመሰክራለሁ። አጠገባቸው ቆሜ ሸኝቻለሁ።

ከዚያ ጋሼ አንድ ነገር ሳያስቡ ተናገሩ። መድኃኒትና የሕፃን ምግብ ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም፣ ለጉዞው የሚያስፈልገው ያህል ይፈቀዳል አሉ። ረከቦቱ ዙሪያ ጸጥታ ሆነ።

"መድኃኒት ነው ያሉት?"

"አዎ።"

"ታዲያ መድኃኒት ያልሆነ ምን አለ? ማሩ ለሳል። ቅቤው ለራስ ምታት። ነጭ ሽንኩርቱ ለጉንፋን። አረቄው ለሆድ።"

"ሐኪም ያዘዘበት ወረቀት ይጠየቃል" ብለው ጋሼ ሊያመልጡ ሞከሩ። የተጓዧ አያት አረቄ በመጠጣት ከስልሳ ዓመት በላይ ልምድ አላቸው፤ ወረቀት ግን የላቸውም። በዚያው ቀረ።

ሌላም አለ። ከፍተሻው ወዲያ ካለው ሱቅ የተገዛ ውስኪ ሙሉ ጠርሙሱ፣ ከነደረሰኙ በላስቲክ ታሽጎ፣ ተከብሮ ይሳፈራል። ይህን ሲሰሙ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ "ታዲያ ቅቤውን ለምን እዚያ ውስጥ አንሸጥም?" አሉ። ብዙ የንግድ ሐሳብ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። ካፒታል ያለው ያስብበት።

ከሁሉ የሚከብደው ጸበል ነው። ጸበል ላይ "ኤርፖርት ከልክሎ ነው" አይሠራም። መልሱ "እሱ ካለ ያልፋል" ነዋ። የብሎካችን አንድ ልጅ ሲሄድ እናቱ ከስንቁ መሐል በሁለት ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ጸበል ሸጉጠውለት ኖሯል። ቦሌ ፍተሻ ላይ ወጣ። የሆነውን በቴሌግራም በድምፅ የላከልን ራሱ ነው።

ፈታሿ "ይሄ አያልፍም፤ እዚያ ጣለው" አለችው። "ጸበል ነው" አላት። እጇን ሰበሰበች። ጸበል ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣል። አይደፋ፤ እግር የማይረግጠው መሬት ከየት ይምጣ፣ ሁሉም ሴራሚክ ነው። አይለፍ፤ ሕግ ነው። ከኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል። ልጁ ክዳኑን ፈታና ቆሞ መጠጣት ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ከኋላው የነበሩ እናቶች መዳፋቸውን ዘረጉ። አካፈላቸው። ፈታሿም ግራ ቀኝ አይታ ግንባሯን አስነካች። የቀረውን እሱ ጨረሰው። አውሮፕላን ውስጥ የደረሰው ወንበር መስኮት ጋ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሁለት መንገደኞች እስከ ዋሽንግተን ምን እንዳሉት በድምፁ ላይ አልነገረንም።

እናቱ ሲሰሙ ግን ደስታቸውን አልቻሉትም። "ይኸው ጠጣልኝ! እዚህ እያለ ስለምነው እምቢ ይለኝ ነበር።"

ዱቄት ነፃ ነው ብለው ይጽናኑ የነበሩም አሉ። አሜሪካ ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ወዲህ እሱንም ነካችው። ወደ እሷ በሚበር አውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት ከተገኘ ለብቻው ይፈተሻል። ፈታሹ ካልተዋጠለት ይቀራል። 350 ሚሊ ሊትር ከአንድ ጣሳ ለስላሳ ብዙም አይርቅም። በዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ በሶ ነው። ደርቆ 350፣ ተበጥብጦ 100። በሁለቱም አንቀጽ ተከሳሽ ነው። እንጀራ ብቻ ነው በየትኛውም ሕግ ነፃ የወጣው። ድርቆሽማ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ይኮራል።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ወደ ትልቁ ሻንጣ ይሸሻል። እዚያ ፈሳሽም ዱቄትም ይገባል፤ ጠባቂው ኪሎ ነው። አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ። የሽንኩርት ቤቱ ሚዛን የሚመጣው ለዚህ ነው። ባለፈው ቤት ውስጥ ልክ 23 ብሎ የታሰረ ሻንጣ ቦሌ ላይ 21 አለ። ሁለት ኪሎ ተረፈን ብለን ጨፈርን። ከዚያ ከዚያ ሱቅ ስንገዛ የኖርነው ሽንኩርት ትዝ አለንና ጭፈራው ቀዘቀዘ።

የእጅ ሻንጣ በአየር መንገዳችን ሕግ 7 ኪሎ ነው። የእኛ ሰው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ የሚሆነው ባዶውን ሲሆን ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ብዙም አልራቅሁም። ዘዴው ኬላው ፊት ሲደርሱ በትንሿ ጣት አንጠልጥሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ወሬ እያወሩ ማለፍ ነው። የአንገት ሥር እንዳይታይ አንገት ልብስ ይደረጋል። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ደግሞ ውጭ መኪና ማቆሚያው ጋ ይጠብቃል። ፈረንጅ ቢያየን ናፍቆት ያቆመን ይመስለዋል። እኛ የቆምነው ኪሎ ያለፈበት ዕቃ ተመልሶ ሲወጣ ለመቀበል ነው። የተመለሰው በርበሬ የማን እንደሆነ ከታወቀ ደግሞ ያ ቤት ለሳምንት ያኮርፋል። "የእነ እንትናስ እንዴት አለፈ?"

ከዚያ ኬላው ላይ ለተጓዧ ጥያቄው ይመጣል። "ሻንጣሽን ራስሽ ነሽ ያዘጋጀሽው? ሰው አድርሺልኝ ብሎ የሰጠሽ ነገር አለ?"

እውነቱ ቢነገር ሻንጣውን ያዘጋጀው ብሎክ 14 ነው። የራሷ የሆነው ሁለት ሹራብና የጥርስ ብሩሽ ነው። እሷ ግን ዓይኗን ሳታሽ "ራሴ ነኝ" ትላለች። እዚህ ጋ ቀልዱ ያንቀኛል። ያልከፈቱትን እሽግ ለሰው ብለው ተሸክመው ባዕድ አገር እስር ቤት የገቡ ሰዎች አሉ። እዚህ እንደ ሰላጣ የሚሸጠው ጫት እንኳ አሜሪካና እንግሊዝ ሲደርስ ወንጀል ነው። ክፈቺና እዪ ብንላት "እንዴት ብዬ? አላመንሽኝም ይሉኛል" አለችን። ለዚህም ሕግ ይውጣልን። በስኮች የተጠቀለለ ነገር ኤርፖርት ከልክሏል ይባል። እኔ በበኩሌ ማስወራት ጀምሬያለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ወሬ መጥቷል። ሻንጣን ልክ እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ዙሪያውን ቆርጦ የሚያይ ማሽን አለ። ያ ማሽን ባለባቸው አንዳንድ ኤርፖርቶች 100 ሚሊ ሊትሩ እየቀረ ነው። ኤዲንብራ በ2017 ዓ.ም. እስከ 2 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ፈቅዷል። ዓለም ደስ አለው። የእኛ ተጓዦች ግን ፊታቸው ጠቆረ። ኤርፖርቱ ከፈቀደ ማን ይከልክል?

ወሬው ሰፈራችን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ትናንት የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ደረጃ ላይ አቆሙኝ። ቢሾፍቱ አጠገብ የሚገነባው አዲሱ ኤርፖርት ለእኛ በፍጥነት መንገዱ ቅርብ ነው፣ ያ ማሽን እዚያ ይኖራል አይደል ብለው ጠየቁኝ። ይኖር ይሆናል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ።

"ለመሆኑ ሁለት ሊትሩ ለአንድ ሰው ነው፣ ወይስ ለአንድ ጠርሙስ?"

ለአንድ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ስንት ይሁን የሚል ቁጥርም የለበትም። ተጓዧ ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ትለማመጠኛለች።

"አጣርቼ እነግርዎታለሁ፣ እትዬ" አልኳቸው።