ተራ የሌለው ገበያ

ሰሞኑን ከደሴ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር ዘንድ አመሸሁ። ልጁ ለአንድ ጨርቅ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ ፕሮግራም እየሠራ ነው። በእኛ የቀን አቆጣጠር የሚያሰላ ነጻ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ በራስ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ኮድ) አግኝቷል። ችግሩ አንድ ዱቤ ነው፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተሰጥቶ ልክ በዓመቱ የሚከፈል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፤ በ2016 ግን 5 ናት። ታዲያ ላይብረሪው ምን ያደርጋል? ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል ወይስ ወደ መስከረም 1 ይገፋዋል?

የላይብረሪውን አጠቃቀም የሚገልጸውን ሰነድ ከፈትን። አንድ ረጅም ገጽ፣ ፈንክሽኖቹ (እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) በፊደል ተራ። «ዓመት ጨምር» የሚለው ሥር ያለው ማብራሪያ «ዓመት ይጨምራል» ነው። አመሰግናለሁ!

ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው በርበሬን በበርበሬ ተራ፣ ጤፍን በእህል ተራ ይፈልጋል። ሻጮቹን በስማቸው ፊደል የሚደረድር ገበያ ማን አየ? የፕሮግራም ሰነዶቻችን ግን እንደዚያ ናቸው። እንደ ስፊንክስ ያሉ የሰነድ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ከኮዱ ውስጥ ዝርዝሩን ለቅመው ያወጣሉ፤ ጸሐፊውም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

የተሻለ መንገድ ከታወቀ ቆይቷል። ስለ ሶፍትዌር ሰነድ አጻጻፍ የሚያስተምረው ዳኒኤሌ ፕሮቺዳ ሰነድን በአራት ይከፍላል፦ ለጀማሪ መማሪያ፣ አንድን ሥራ ማከናወኛ መመሪያ፣ ዝርዝር ማጣቀሻ፣ ምክንያቱን የሚያስረዳ ማብራሪያ። የድረ ገጽ መሥሪያው የጃንጎ ሰነድ የተዘረጋው በዚህ ዓይነት ነው፤ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንም መማሪያውን ከላይብረሪ ማጣቀሻው ለይቶ ያስቀምጣል። የእኛ ጳጉሜን በዚህ ብትገባ፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት የምትሆንበት ምክንያት ማብራሪያው ውስጥ፣ ፈንክሽኑ የሌለ ቀን ሲገጥመው የሚመልሰው ማጣቀሻው ውስጥ፣ የዱቤ መክፈያ ቀን አሰላሉ ደግሞ መመሪያው ውስጥ ይገኝ ነበር።

«በነጻ ለሰጠ ሰው ይህ ሁሉ አይበዛም?» የሚሉኝ አሉ። ለትንሽ ላይብረሪ አራቱም ይበዛሉ፣ እውነት ነው። እኔ ብሆን ከማጣቀሻው ቀጥሎ አንድ ገጽ የሥራ መመሪያ ብቻ እጨምር ነበር። «ኮዱን አንብብ» የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ ኮዱ የሚሠራውን እንጂ ጸሐፊው ያሰበውን አይነግረንም።

በመጨረሻ ሞክረን አየነው። ላይብረሪው ምንም ሳይል ቀኑን ወደ መስከረም 1 ቀን 2017 ገፋው። ልጁ ይህ ይስማማው እንደሆነ ነጋዴውን በስልክ ጠየቀው። ሰውየው ሳቀ፤ «በእንቁጣጣሽ ማን ዕዳ ይጠየቃል? ጳጉሜን 5 አድርገው።»