ይድረስ ለክቡር አቶ ፒንግ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በቀር በጣም ደህና ነኝ። እርስዎ ማለት ትእዛዜ ጨዋታው ወዳለበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ነዎት፤ በሚሊሰከንድ (በሰከንድ አንድ ሺህኛ) ይለካሉ፣ ሲበዙ ጨዋታው ይደርቃል።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ማታ 3 ሰዓት ላይ ፐብጂ የሚሉትን የኢንተርኔት የተኩስ ጨዋታ ስጫወት ክቡርነትዎ 130 ሚሊሰከንድ ላይ ረግተው ተቀምጠው ነበር። አምኜዎት ከአጥር ጀርባ ብቅ አልኩ። ወዲያው 900 ገቡ! ጠላቴ ባለበት ደርቆ ቀረ። እኔም ደረቅኩ። ሲለቁን ግን እሱ ዕቃዬን እየበረበረ ነበር።

መቼም አንዳንዱ ጥፋት የእርስዎ አይደለም። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ከሆነ ከአዲስ አበባ በአየር እንኳ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን ደግሞ በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ደርሶ መልስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። የባሕር በር ስለሌለን በጎረቤት አገር ዞረው እንደሚሄዱም አውቃለሁ። ለዚህ ልፋትዎ አበል ይገባዎታል። የቀረውን ግን ያስረዱኝ።

«ፍጥነት ጨምር፣ ይተውሃል» ተባልኩ። ከ4 ሜጋ ወደ 10 ከፍ አደረግኩ። ሂሳቡ ከፍ አለ፤ እርስዎ ንቅንቅ አላሉም። ለካ ጨዋታው 1 ሜጋ እንኳ አይጨርስም። በር ስላሰፋሁ ፍራንክፈርት አልቀረበችም። ቀጥዬ ሲም የሚወስድ 4ጂ ራውተር ሞከርኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዴት ያለ ጨዋ ነበሩ! ማታ ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ግን አመልዎ ተመለሰ። ወደ ድሮው የቤት መስመር ተመለስኩ።

እዚያ ነው ጉድዎን ያወቅኩት። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ ከቡፌው ጀርባ። እማዬ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሳዋለች። እኔ ክፍል ለመድረስ ዋይፋዩ ሁለት ግድግዳ ያልፋል። በዚያ ላይ እህቴ የሠርግ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ትጭናለች። እኔ እተኩሳለሁ፤ ጥይቴ ግን ከሙሽሮቹና ከሚዜዎቹ ኋላ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፋ ቆማለች።

ስለዚህ 20 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዝቼ በምንጣፉ ሥር ጎተትኩ። አባዬ ሁለቴ ተደናቅፎበታል፤ ጥፋቱን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። የእህቴንም ጭነት ራውተሩ ላይ ገደብኩ። እስካሁን አልነቃችም፣ እባክዎ እንዳይነግሯት።

ከዚያ ወዲህ 130 ላይ ነዎት። እውነቱን ለመናገር በ130 ቅር አይለኝም፤ ይለመዳል። 80 ብለው አሳስቀው 900 የሚገቡት ነገር ነው ደሜን የሚያፈላው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በስልክ ዳታ ነው። እማዬ ምጣድ ሰክታ ብሬከሩ ወርዷል። ራውተሩም የለም፣ እርስዎም የሉም። ገና አሥራ ሁለት እንጀራ ይቀራታል።

ዕቃው የተበረበረበት ደንበኛዎ